ሐተታ፤ የፈላስፋው ጥያቄና የታሪክ መርማሪው ጥያቄ

ፍልስፍና የሚለው ቃል በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ሁለት ዓይነት ዕድል ገጥሞታል። በመጽሐፍ ገጽ ላይ ሲገኝ ይከበራል፤ በጨዋታ መካከል ሲነሣ ግን ይቀለድበታል። ቀላሉን ነገር ያወሳሰበ፣ የሥራውን ሰዓት በክርክር ያሳለፈ ሰው «ደግሞ መፈላሰፍ ጀመረ» ይባላል። ቀልዱም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ሐኪሙ ስለ ደዌ፣ ገበሬው ስለ ዘር፣ ዳኛው ስለ ወንጀል ሲጠይቁ የጥያቄያቸው ጥቅም ምን እንደሆነ ማንም ያውቀዋል። የፈላስፋው ጥያቄ ግን ጥቅሙ ቀርቶ መነሻው ራሱ ለብዙ ሰው ግልጽ አይደለም።

ቃሉ እዚህ የደረሰበት መንገድ ረጅም ነው። በግሪክ ቋንቋ ጥበብን መውደድ ማለት ሲሆን፣ ዐረቦች ከግሪኮች ወስደው ጥበበኞቹን በብዙ ቁጥር «ፈላሲፋ» አሏቸው፤ ግዕዝም ከዐረብኛው ተቀብሎ «ፈላስፋ» አለ። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አባ ሚካኤል የተባለ ሊቅ «አንጋረ ፈላስፋ»ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መልሶታል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሶቅራጥስ፣ አፍላጦንና አርስጣጣሊስ ይናገራሉ፤ ዳሩ ግን አይጠይቁም። ይመክራሉ፣ ይገሥጻሉ፣ ስለ ምላስ ክፋትና ስለ ገንዘብ ከንቱነት ያስተምራሉ። ሰውን በጥያቄ ሲያስጨንቅ የኖረው ሶቅራጥስ ግዕዝ ሲደርስ መልስ ሰጪ ሽማግሌ ሆኗል ማለት ነው። ይህም ፈላስፋ ማለት ብዙ የሚያውቅ ሰው ነው የሚለውን፣ እስከ ዛሬም ያልጠፋውን አስተያየት ያጸናው ይመስላል።

ፍልስፍናን ከመልስ ይልቅ በጥያቄ የሚገልጸው የግዕዝ ቃል ሌላ ነው፤ እርሱም «ሐተታ» ነው። «ሐተተ» መረመረ፣ ጠየቀ፣ ፈተሸ ማለት ነው። ቃሉ በትርጓሜ ቤት የታወቀ ነው። መምህሩ ንባቡን አንብቦ ከተረጎመ በኋላ «ምነው ቢሉ»፣ «ስለ ምን ቢሉ» እያለ ራሱ ጥያቄ ያነሣል፤ ራሱም ይመልሳል፤ አንድ መልስ ሲያንሰውም «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል። ከዚህ የበለጠ ለጥያቄ የተመቸ የትምህርት ሥርዓት በብዙ አገር አይገኝም። ይሁን እንጂ ጥያቄው ድንበር አለው። ንባቡ እውነት መሆኑ አስቀድሞ የታመነ ነውና የሚጠየቀው «እውነት ነውን?» ተብሎ ሳይሆን «ምን ማለት ነው?» ተብሎ ነው።

በችሎት ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ነበረ። በበላ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው በተጠየቅ ይያዙ ነበር። ነገረኛው ጥያቄውን የሚያነሣው ለማወቅ አይደለም፤ እርሱ መልሱን ያውቀዋል፣ ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል። የሚፈልገው ባላንጣው በገዛ ቃሉ እንዲታሰር ነው። «ተጠየቅ» ኋላ ሎጂክ ለሚባለው ትምህርት የአማርኛ ስም እንዲሆን የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን እዚህም ድንበር አለ። ሁለቱ ተሟጋቾች እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ እንጂ ዳኛውን አይጠይቁም።

ከነዚህ ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ ጥያቄ የሚነሣው ዳኛው ሲጠፋ ወይም ዳኛው ራሱ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ሆኖ ሲገኝ ነው። ያን ጊዜ «ማን ይፍረድ? በምንስ ይፈረድ?» ማለት ግድ ይሆናል። ይህን ጥያቄ እንደ ግዕዙ «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» አድርጎ ከሥሩ የሚያነሣ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የዚህም መጽሐፍ ዕጣ አስገራሚ ነው፤ እርሱ ራሱ ዳኛ ያጣ ክርክር ሆኖ ቀርቷልና።

በመጽሐፉ ቃል መሠረት ዘርዐ ያዕቆብ በአክሱም አጠገብ ከድኃ ገበሬ በ1599 ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ15ኛው መቶ ዓመት ከነገሠው ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር በስም ካልሆነ በቀር ግንኙነት የለውም።) ዜማ፣ ቅኔና ትርጓሜ ተምሮ አራት ዓመት ያህል በአክሱም አስተማረ። ዘመኑ ክፉ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ በ1626 ደግሞ በፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮማው ጳጳስ መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ሕዝቡ ተከፈለ፤ ደምም ፈሰሰ። በዚህ መካከል መምህሩ ንባብ ሲተረጉም «ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፤ ግብጻውያን እንዲህ ይላሉ» እያለ ሁለቱንም ያቀርብ ነበር እንጂ ለአንዱ አያዳላም ነበር። ውጤቱ እንደሚጠበቀው ሆነ። ለፈረንጆቹ ግብጻዊ መሰላቸው፤ ለግብጻውያኑ ወገኖችም ፈረንጅ መሰላቸው። ወልደ ዮሐንስ የተባለ ጠላቱ ሕዝብን በንጉሡ ላይ ያነሣሣል ብሎ ከሰሰው። እርሱም ሦስት ወቄት ወርቅና ዳዊቱን ብቻ ይዞ በሌሊት ሸሸና ከተከዜ አቅራቢያ በሚገኝ ዋሻ ሁለት ዓመት ያህል ብቻውን ተቀመጠ።

ፍልስፍናው የተጀመረው በዚያ ዋሻ ነው፤ የጥያቄዎቹም ቅደም ተከተል ሊስተዋል ይገባዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ፍልስፍና አይደለም፤ እሮሮ ነው። ሰው ሰውን ሲበላ፣ ኃያሉ ደካማውን ሲያጠፋ እግዚአብሔር ስለ ምን ዝም ይላል? ይህን የማይል የተጨነቀ ሰው የለም፤ ዳዊቱም በእንዲህ ያለ ጩኸት የተሞላ ነው። ነገር ግን የሸሸው መምህር እንደ ልማዱ እየጸለየ ሳለ ጥያቄው በድንገት ፊቱን አዞረ። «ስለ ምን አይሰማኝም?» ማለቱ ቀርቶ «የምጸልየው ለማን ነው? የሚሰማስ አለን?» ወደ ማለት ተሸጋገረ። ቀድሞ የሚጠየቀው እግዚአብሔር ነበር፤ አሁን የሚጠየቀው የጠያቂው የገዛ እምነት ሆነ። ፈላስፋን ከተራ አማራሪ የሚለየው ይህ የፊት መዞር ነው ለማለት ይቻላል።

መልሱን የሚፈልግበትም መንገድ እንደዚሁ ከቅርብ ይጀምራል። ጆሮን የፈጠረው እንዴት አይሰማም የሚለውን የመዝሙር ሐሳብ ይዞ ይነሣና፣ ጥቅሱን እንደ ማስረጃ ተቀብሎ ከማረፍ ይልቅ ይፈትሸዋል። የሚሰማ ጆሮና የሚያስብ ልቡና ከወዴት መጡ? ከወላጆች ከሆነ ወላጆችስ ከማን? ወደ ኋላ እየተሄደ መጨረሻው ሲፈለግ ያልተፈጠረ ፈጣሪ መኖር አለበት፤ ለፍጡር ማስተዋልን የሰጠም ራሱ አስተዋይ ነው ይላል። መንገዱ ለፍልስፍና ተማሪ አዲስ አይደለም፤ ከግሪኮች ጀምሮ ብዙዎች ሄደውበታል፤ ብዙዎችም ነቅፈውታል። በዚህ ስፍራ የሚደንቀው የመልሱ ጥንካሬ ሳይሆን ዳዊት ያደገበት ሰው ዳዊቱን ምስክር አድርጎ ማቅረቡ፣ ዳኛ አድርጎ ግን አለማስቀመጡ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ጥያቄ ከዚህ ይወለዳል። ፈረንጁ የእኔ ሃይማኖት ቀና ነው ይላል፤ ግብጻዊው እንዲሁ ይላል፤ እስላሙም አይሁዱም እንዲሁ ይላሉ። ሁሉም የጉዳዩ ባለቤቶች ናቸው። ባለጉዳይ ለራሱ ሊፈርድ አይችልም፤ ይህን የአገሩ ችሎት ለማንም ያስተማረው ነገር ነው። እንግዲያስ ዳኛው ማን ነው? ዘርዐ ያዕቆብ የሚሰጠው መልስ «ብርሃነ ልቡና» ነው፤ ይኸውም ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የሰጠው፣ ወገን የሌለው የማስተዋል ብርሃን። ሰዎች ሐሰትን የሚያምኑት ይህ ብርሃን ስለሌላቸው አይደለም ይላል፤ መመርመር አድካሚ ስለሆነና ከአባቶች የሰሙትን መቀበል ስለሚቀል ነው።

ከዚያም የሙሴን፣ የክርስቲያኑንና የመሐመድን ሕግ በየተራ በዚህ ዳኛ ፊት ያቆማል። ፍርዶቹ የየሃይማኖቱን ተከታይ ማስቀየማቸው አይቀርም፤ በጾምና በምንኩስና ላይ የተናገረውን የሚቀበለው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ፍርዱን ትቶ አጠያየቁን መመልከት ይቻላል። ለምሳሌ ብዙ ሚስት ስለ ማግባት ሲመረምር ጥቅስ በጥቅስ ላይ አይከምርም፤ ይቆጥራል። ወንዱና ሴቱ በቁጥር ተካክለው ይወለዳሉ፤ አንዱ ዐሥር ካገባ ዘጠኙ ያለ ሚስት ይቀራሉ፤ ስለዚህ ይህ የተፈጥሮን ሥርዓት ያፈርሳል ይላል። የሰውን በከብት ዓይነት መሸጥና መለወጥ ሲነቅፍም መነሻው ሰዎች ሁሉ በፈጣሪያቸው ፊት እኩል ናቸው የሚል ነው። ባሪያ ንግድ በየገበያው በሚታይበት አገር ይህን ማለት ቀላል አልነበረም።

መጽሐፉ ጎዶሎ የለበትም ማለት አይደለም። የሁለት ሰዎች ብርሃነ ልቡና ቢለያይስ? ሁለቱም መርምረናል ቢሉስ? ለዚህ ዘርዐ ያዕቆብ የሚበቃ መልስ አልሰጠም። ስንፍናን ወይም የገዛ ጥቅምን የስሕተት ሁሉ ምንጭ አድርጎ ማለፉ ነገሩን ከልክ በላይ ያቀለዋል፤ በትጋት መርምሮ የተሳሳተ ሰው በታሪክ ብዙ ነውና። ዳኛውን የጠየቀው ሰው አዲስ ዳኛ ሾመ፤ አዲሱን ዳኛ ግን ሳይጠይቅ ተወው።

ከሱስንዮስ በኋላ ፋሲለደስ በ1632 ሲነግሡ ዘርዐ ያዕቆብ ከዋሻው ወጣ። እንፍራዝ ደርሶ ሀብቱ ከተባለ ባለጸጋ ቤት ገባ፤ ዳዊት እየገለበጠ በጽሕፈቱ ዋጋ ይተዳደር፣ የባለጸጋውንም ልጆች ያስተምር ጀመር። በዚያው ቤት የምታገለግለውን ሂሩትን ሊያገባ በፈለገ ጊዜ ሀብቱን ጠየቀ፤ ሂሩትንም ጠየቃት። ከዚህ በኋላ አገልጋይ ልትባል እንደማይገባ፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል እንደሆኑም ገለጸ። ስለ ሃይማኖት ያሰበውን ግን ለሰው አላወጣም፤ ከክርስቲያኖች ጋር እንደ ክርስቲያን ኖረ። ይህን ሰዎች አይረዱኝም በማለት ያደረገው እንደሆነ ራሱ ይናገራል። በ1667፣ በ68 ዓመቱ፣ ምትኩ በመባል የሚታወቀው ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ለምኖት ታሪኩንና ሐሳቡን ጻፈ።

ታሪኩ ይህ ነው፤ እውነት ከሆነ። ሌላው ክርክር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መጽሐፉ ለሊቃውንት ዓለም የታወቀው ከተጻፈ ከተባለበት ዘመን ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባሉ ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚስዮናዊ በ1846 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በበጌምድር ተቀመጡ፤ ለፈረንሳዊው ተመራማሪ ለአንቷን ዳባዲም የግዕዝ መጻሕፍት ይፈልጉላቸው ነበር። በ1852 ይህን መጽሐፍ ማግኘታቸውን ጻፉላቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት በራሳቸው እጅ የገለበጡትን ቅጂ ላኩላቸው። በኋላም የወልደ ሕይወትን ሐተታ ጭምር የያዘ ሁለተኛ መጽሐፍ ደረሰ። አባ ጁስቶ በ1856 ካርቱም ላይ ሞቱ። ሁለቱ መጻሕፍት ከዳባዲ ስብስብ ጋር ዛሬ በፓሪስ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛሉ፤ ቁጥራቸውም 215 እና 234 ነው።

በ1904 ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን ግዕዙን ከላቲን ትርጉም ጋር አሳተሙ፤ በዚያው ዘመን ሩሲያዊው ቦሪስ ቱራዬቭም በራሳቸው ቋንቋ ስለ መጽሐፉ አስታወቁ። የአውሮፓ ሊቃውንት ተደነቁ። ድንቁ ግን ብዙ አልቆየም። በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉን የጻፉት አባ ጁስቶ ራሳቸው ናቸው የሚል ጽሑፍ አወጡ። ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ተክለ ሃይማኖት የተባሉ ኢትዮጵያዊ የካቶሊክ ካህን አባ ጁስቶ ከሃይማኖት የወጣ መጽሐፍ ጽፈዋል ብለው የተዉት ምስክርነት ነው። ከዚህም በላይ አባ ጁስቶ ለዳባዲ በጻፏቸው ደብዳቤዎች ውስጥ የእምነት ጥርጣሬያቸውን ገልጠዋል፤ ከመመንኰሳቸው በፊት የነበራቸው ስምም በግዕዝ «ያዕቆብ» የሚባለው ነው። በ1934 ኦይገን ሚትቮክ ይህን አስተያየት ደገፉት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በአውሮፓ ጉዳዩ የተዘጋ መዝገብ መሰለ።

መዝገቡን እንደገና በሰፊው የከፈቱት በ1953 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ሲያስተምሩ የኖሩት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክሎድ ሰምነር ናቸው። ከ1974 እስከ 1982 «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ ካሳተሟቸው አምስት ቅጾች ሁለተኛውን፣ በ1976 የወጣውን፣ ለዚሁ ክርክር ሰጡት። የጥቅሶቹን ምንጭ፣ የቃላቱን ድግግሞሽ፣ የሁለቱን ሐተታዎች ልዩነት እየመረመሩ ጸሐፊዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው ከሚል መደምደሚያ ደረሱ። የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ ብቸኛ ሰው ከራሱ ጋር የሚሟገትበት ነው፤ የወልደ ሕይወት ግን የአስተማሪ ሥራ ነው፣ ምክሩና ምሳሌው የበዛ። ይህን ልዩነት ሁለቱን ያነበበ ሰው ሁሉ ይገነዘበዋል። በሌላ በኩል አባ ጁስቶ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያዘጋጁ ሰው ስለነበሩ የቋንቋ ችሎታ ጥያቄ ለሁለቱም ወገን መከራከሪያ ሆኖ አገልግሏል።

ክርክሩ በዚህም አልቆመም። በ2013 ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ዊዮን መጽሐፉ የአባ ጁስቶ ሥራ ነው የሚለውን አስተያየት በሰፊው አጠናክረው አቀረቡ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በአንጻሩ ቀድሞ ይጠራጠሩ የነበሩ ሲሆኑ በ2017 ባወጡት ጽሑፍ ሐሳባቸውን ለውጠው ኢትዮጵያዊ መነሻ እንዳለው ተናግረዋል። በ2022 በኦክስፎርድ በዚሁ ጉዳይ ጉባኤ ተደረገ፤ በ2023 ሁለቱም ሐተታዎች በአዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ታተሙ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች እየተቀላቀሉ ኖረዋል። የታሪክ መርማሪው «ማን ጻፈው? መቼ? በየትኛው ብራና?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በስሜትም አይመለስም። መጽሐፉ ሐሰት ነው ብሎ ማሳየት አገርን መስደብ አይደለም፤ እውነተኛ ነው ማለትም ለአገር ውለታ መዋል አይደለም። ነገር ግን ከኮንቲ ሮሲኒ ክስ በስተጀርባ ኢትዮጵያዊ እንዲህ ሊያስብ አይችልም የሚል ግምት እንዳለ ብዙዎች ተሰምቷቸዋል፤ ከአንዳንድ ተከላካዮችም በስተጀርባ ዴካርት በ1637 ካሳተመው መጽሐፍ ጋር የሚስተካከል አንድ የራስ ሰው የማግኘት ጉጉት አለ። ሁለቱም ባለጉዳዮች ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ ለመፍረድ ተቀምጠዋል። የዋሻው ሰው ስለ ፈረንጁና ስለ ግብጻዊው የጠየቀው ጥያቄ በገዛ መጽሐፉ ላይ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

የፈላስፋው ጥያቄ ግን «የተባለው እውነት ነውን? በምንስ ይታወቃል?» የሚል ነው፤ ይህም የጸሐፊውን ስም እስኪጣራ አይጠብቅም። ለዚህ የሶቅራጥስ ነገር ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። በ399 ቅድመ ክርስቶስ አቴናውያን በሞት የቀጡት ይህ ሰው አንዳች መጽሐፍ አልተወም። የሚታወቀው አፍላጦንና ዜኖፎን በጻፉለት፣ አሪስጦፋኒስም በቲያትር በቀለደበት ብቻ ነው፤ ሦስቱም አይስማሙም። የትኛው ንግግር የሶቅራጥስ፣ የትኛው የአፍላጦን እንደሆነ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ሆኖም ጀግንነት ምንድር ነው፣ ቅድስና ምንድር ነው ብሎ ያነሣው ጥያቄ ክርክሩ እስኪያልቅ አልተዘጋም። በእርግጥ ንጽጽሩ ሙሉ አይደለም፤ አፍላጦን በስሙ የታወቀ ደራሲ ነው፣ አባ ጁስቶ ግን ጽፈውት ከሆነ አንባቢን ሆን ብለው አታልለዋል። ማታለሉ በታሪክ መዝገብ ላይ ከባድ ነገር ነው። ስለ ባሪያ ንግድ ወይም ስለ ዳኛው ማንነት የተባለውን ግን ውሸት አያደርገውም፤ እውነትም አያደርገውም።

በሶቅራጥስና በዘርዐ ያዕቆብ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ሌላ ነው። አንዱ በገበያ መካከል ያገኘውን ሁሉ፣ ጄኔራሉንም ካህኑንም፣ ጠየቀ፤ ዋጋውንም ከፈለ። ሌላው ብቻውን ጠየቀና ለአንድ ደቀ መዝሙር ብቻ ነገረ። ለክፍል ተማሪ ፍልስፍናን የሚያስተምር ሰው ከሁለቱ የትኛውን መንገድ እንደሚከተል መወሰን ሳይኖርበት አይቀርም፤ ተማሪው ጥያቄ ባነሣ ቁጥር መልሱን አስቀድሞ የሚነግረው መምህር ግን የሁለቱንም መንገድ አይይዝም፤ «አንጋረ ፈላስፋ»ን እያስተማረ ነው።

በሐተታው መጨረሻ አካባቢ ጸሐፊው ይህን ምርመራ እርሱ እንደ ጀመረው፣ ሌላው እንዲቀጥለው እንደሚሻ ይናገራል። ወልደ ሕይወትም፣ እንደ መጽሐፉ ቃል፣ የመምህሩን ጽሑፍ ጠብቆ አቆየ፤ መምህሩ በ93 ዓመቱ መሞቱን በግርጌው ጨመረ፤ ከዚያም የራሱን ሐተታ መጻፍ ጀመረ።